ጀርባው በርቶ ፊት ሲጨልም፦ የሴኩሪቲ ካሜራን የጀርባ ብርሃን ማካካሻ ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

ቀረጻው 4 ሰከንድ ነው። ሰውየው የመስታወቱን በር ገፍቶ ገባ። ቆመ። ቀና ብሎ ወደ ካሜራው ተመለከተ። የትከሻው ጠርዝ፣ የኮፍያው ጫፍ፣ ከኋላው የቆመችው መኪና ቀለም ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊቱ ግን ከሰል ነው።

ያን ካሜራ ያስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። የጀርባ ብርሃን ማካካሻው በርቷል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩት «ኦን» ይላል። ጥፋቴ የበራው ነገር ሥራውን መሥራቱን አለመፈተሼ ነው። ባዶውን መግቢያ በስክሪን አየሁ፣ ምስሉ አማረኝ፣ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የገጠሙኝ የከሸፉ ማስተካከያዎች አብዛኞቹ ከዚሁ የመጡ ናቸው። ሰው በሌለበት ምስል ይፈረዳል። ካሜራው ግን የተሰቀለው ለሰው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፦ ፊት ላይ ፍረዱ፣ በክፉው ሰዓት ፍረዱ፣ ከተቀዳው ቪዲዮ ላይ ፍረዱ። ለአንድ ካሜራ አንድ ሰዓት ገደማ ያዙ። ከዚያ በሌላ ሰዓት ሁለት ጊዜ ለአጭር ጉብኝት ትመለሳላችሁ።

## መጀመሪያ ሦስቱን ስሞች ለዩ

በሜኑው ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ቢኤልሲ። የጀርባ ብርሃን ማካካሻ የምንለው ይህ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲለካ ከመላው ምስል ይልቅ እናንተ ለመረጣችሁት ቦታ ቅድሚያ ይሰጣል። ያ ቦታ ከጨለመ ምስሉን በሙሉ ያደምቃል። ፊቱ ይወጣል፤ ከኋላ ያለው መንገድና ሰማይ ግን ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ሁለት ወዶ አይሆንም።

ደብሊውዲአር። እውነተኛው ዓይነት ያንኑ ትዕይንት በአጭርና በረጅም የሹተር ጊዜ፣ ማለትም ብርሃን በሚገባበት ጊዜ፣ እያነሳ ያዋህደዋል። ደማቁን ከአጭሩ፣ ጨለማውን ከረጅሙ ይወስዳል። ዲጂታል ደብሊውዲአር የሚባለው ግን ከአንድ ፍሬም፣ ከአንድ ነጠላ ምስል፣ ላይ ጨለማውን በሶፍትዌር ያነሳል። ያኔ እንደ አሸዋ የተረጨ የሚመስለው ነጠብጣብ፣ ኖይዝ የምንለው፣ አብሮ ይነሳል። በካሜራው መግለጫ ላይ 120 ዲቢ (ዴሲቤል) የሚል ቁጥር ካያችሁ ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ነው። 120 ዲቢ ማለት በደማቁና በጨለማው መካከል 1,000,000 ለ 1 ልዩነት ማለት ነው። ጥሩ ፍንጭ ነው። ፈተናውን ግን አይተካም።

ኤችኤልሲ። ሥራው የተገላቢጦሽ ነው። በጣም የደመቁ ነጥቦችን፣ ለምሳሌ የመኪና መብራትን፣ ያፍናል። ቀን በር ላይ ለቆመ ሰው አትጠቀሙበት። ምስሉን ይበልጥ ያጨልመዋል።

ቦታቸው እንደ ሶፍትዌሩ ቨርዥን ቢለያይም፣ በሂክቪዥን ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ «ኢሜጅ» ሥር «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ «ባክላይት» በሚለው ታገኟቸዋላችሁ። በዳሁዋ ደግሞ «ካሜራ» ሥር «ኮንዲሽንስ» ውስጥ ናቸው። በብዙ ካሜራ አንዱን ስታበሩ ሌላው ይጠፋል ወይም አልነካ ይላል። ብልሽት አይደለም።

## የሚያስፈልጋችሁ

- የካሜራው የአድሚን ፓስዋርድ፣ ላፕቶፕና የኔትወርክ ገመድ
- ለሌንስ የሚሆን ንጹሕ ማይክሮፋይበር ጨርቅ
- ወለል ላይ የሚለጠፍ ባለ ቀለም ፕላስተርና ሜትር
- ሁለት ረዳቶች። ቢቻል አንዱ ጠቆር ያለ፣ ሌላው ቀላ ያለ ቆዳ ያለው ይሁን
- ጥቁር ኮፍያ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጃኬት
- ደብተርና እስክሪብቶ

የቆዳ ቀለሙን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ቀላ ባለ ሰው ብቻ የተፈተነ ካሜራ ጠቆር ያለውን ሰው ፊት በዚያው በር ላይ ጨርሶ ሊውጠው ይችላል። ጠቆር ያለ ፊት የሚመልሰው ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ ከጀርባው ብርሃን ጋር ያለው ልዩነት ይሰፋል። ረዳት አንድ ብቻ ካገኛችሁ ጠቆር ያለውን ምረጡ። እሱ ከታየ ሌላውም ብዙውን ጊዜ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ። ረዳቶቻችሁ እየተቀረጹ መሆኑን አውቀው ይፍቀዱ። አላፊ አግዳሚ በሚበዛበት መግቢያ ከሆነ የሙከራ ቀረጻ እየተካሄደ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ለጥፉ። መሰላል ላይ ስትወጡ አንድ ሰው ከሥር ይያዝላችሁ። የካሜራውን አቅጣጫ ለማየት ብላችሁ ፀሐይ ላይ አታፍጥጡ።

## ደረጃ 1፦ ክፉውን ሰዓት እወቁ

ወደ ሪከርደሩ ሂዱና የትናንቱን ቀረጻ በፍጥነት አጫውቱት። በሩ ወይም መስኮቱ ከሁሉ በላይ ነጭ የሚሆንበትን ሰዓት ጻፉ። ወደ ምሥራቅ ለሚያይ በር ጠዋት ነው፤ ወደ ምዕራብ ለሚያይ ወደ ማታ ገደማ። ፀሐይ ዝቅ ስትል ብርሃኗ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይገባል።

ፀሐይ ብቻም አይደለችም። ውጭ የቆመ መኪና መስታወት የሚመልሰው ጨረር ወይም የሚያብለጨልጭ ወለል እኩለ ቀን ላይ ከፀሐይዋ የባሰ ሊሆን ይችላል። ቀረጻው ይነግራችኋል። ግምት አትከተሉ።

ፈተናው የሚደረገው በዚያ ሰዓት ነው። ደመና ከሆነ አራዝሙት። በደመናማ ቀን የተስተካከለ ካሜራ ፀሐይ በወጣ ማግስት ይከዳችኋል።

## ደረጃ 2፦ ሌንሱን አጽዱ፣ አቋሙን እዩ

አቧራና የጣት አሻራ የጀርባ ብርሃንን ይበትናል። የተበተነው ብርሃን ምስሉን በሙሉ እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ይህን ጭጋግ የትኛውም ሴቲንግ አያነሳውም። ጉልላት ያለው ካሜራ ከሆነ ጉልላቱን በውጭም በውስጥም ጥረጉ። ጭረት ካለበት መቀየር ነው።

ከዚያ አቋሙን ተመልከቱ። ካሜራውን ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ብታዘነብሉት ሰማዩ ከምስሉ ይወጣል? ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ብታዛውሩት መስታወቱ በቀጥታ ከፊት ለፊቱ መሆኑ ይቀራል? ከተቻለ ይህን አሁኑኑ አድርጉት። ከምስሉ የወጣ ብርሃን ማካካሻ አይጠይቅም። አቋም መቀየር ካስፈለገ ከፈተናው በፊት እንጂ በኋላ አይሁን፤ በኋላ ካደረጋችሁት ሁሉንም እንደገና መጀመራችሁ ነው።

## ደረጃ 3፦ የነበረውን አስቀምጡ

1. የካሜራውን ሴቲንግ ወደ ፋይል አውጡ። አብዛኞቹ «ኤክስፖርት» የሚል ቁልፍ አላቸው።
2. ከሌለ የእያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት አንሱ።
3. የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። በኋላ ቀረጻውን ከደብተራችሁ ጋር የምታገናኙት በሰዓቱ ነው።

## ደረጃ 4፦ ሌላውን ሁሉ አረጋጉ

ሁለት ነገር በአንዴ ከተለወጠ የቱ እንደሠራ አታውቁም። ስለዚህ፦

1. ብሩህነት፣ ኮንትራስትና ሳቹሬሽንን ፋብሪካው ወደ ሰጠው ቁጥር መልሱ። አብዛኛውን ጊዜ 50 ነው።
2. ቀንና ማታ የሚቀያይረውን ለፈተናው ጊዜ «ቀን» ላይ አቁሙት። ይህን ደብተር ላይ በትልቁ ጻፉ፤ ሳትመልሱት ከሄዳችሁ ካሜራው ማታ ምንም አያይም።
3. ፀረ ብልጭታውን (አንቲ ፍሊከር) ከሕንጻው መብራት ጋር አስማሙ። መብራቱ 50 ኸርዝ ከሆነ 50፣ 60 ከሆነ 60።
4. ቢኤልሲ፣ ደብሊውዲአርና ኤችኤልሲ ሦስቱም ይጥፉ።
5. ሹተሩን «አውቶ» ላይ ተዉት። የሚረዝምበትን ጣሪያ ግን በ50 ኸርዝ 1/100፣ በ60 ኸርዝ 1/120 ሰከንድ ላይ ገድቡት።

የሹተሩን ነገር ላብራራ፤ ብዙ ፊት የሚጠፋው እዚህ ነው። ሰው በመደበኛ እርምጃ ሲሄድ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹተሩ 1/25 ሰከንድ ከተከፈተ በዚያች ቅጽበት ሰውየው 5.6 ሴንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል። የፊት ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ካሜራውን አቋርጦ የሚያልፍ ሰው ፊቱ አንድ ሦስተኛው ተጎትቶ ተቀባ ማለት ነው። በ1/100 ግን የሚጎተተው 1.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቢኤልሲ ደግሞ ምስሉን ለማድመቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ሹተሩን ማስረዘም ነው። ካልገደባችሁት የቆመ ሰው ያምራል፤ የሚሄደው ይሟሟል።

ካልሠራስ? ሹተሩን ስትገድቡ ምስሉ በጣም ከጨለመ የውስጡ መብራት አንሷል። ቁጥሩን ወደ 1/50 ወይም 1/60 አንድ ደረጃ ልቀቁት። ከዚያ በታች አትሂዱ። ይልቅ መግቢያው ላይ አምፖል ጨምሩ። ከውስጥ ወደ ሰው ፊት የሚመጣ አንድ ጥሩ መብራት ከየትኛውም ሴቲንግ የበለጠ ይሠራል።

## ደረጃ 5፦ ወለሉ ላይ ምልክት አድርጉ

በፕላስተር ሦስት ቦታ ምልክት አድርጉ።

- ሀ፦ ልክ የበሩ መስመር ላይ። ብርሃኑ በሙሉ ከጀርባ የሚሆንበት ቦታ ነው።
- ለ፦ ከበሩ 1 ሜትር ወደ ውስጥ
- ሐ፦ ከበሩ 3 ሜትር ወደ ውስጥ

ረዳቱ በእያንዳንዱ ላይ ፊቱን ወደ ካሜራው አድርጎ 10 ሰከንድ ይቁም። ካሜራው ብርሃኑን እስኪያስተካክል ጊዜ ይፈልጋል። ሁለት ሰከንድ አይታችሁ አትፍረዱ።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ይሁን። ዓይንና የአፍ ቅርጽ ካልታየ 0። ታይቶ ሰውየውን ግን መለየት ካስቸገረ 1። የሚያውቀው ሰው «እገሌ ነው» ማለት ከቻለ 2።

## ደረጃ 6፦ ምንም ሳይበራ አንድ ዙር ቅረጹ

ይህን ዙር ብዙዎች ይዘሉታል። አትዝለሉት። መነሻው ከሌላችሁ የተሻለ ይሁን የባሰ ምን ጋር ታወዳድራላችሁ?

ረዳቱ በሀ፣ በለ፣ በሐ ይቁም። መጀመሪያ ባዶ ራሱን፣ ቀጥሎ በጥቁር ኮፍያ። ሁለተኛው ረዳት እንዲሁ። ነጥቡን ጻፉ። አንድ መስመር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ሁሉም ጠፍቷል፣ ሀ፣ ኮፍያ፣ 0»።

አንዳንዴ እዚህ ላይ ሁሉም ቦታ 2 ያገኛል። እንደዚያ ከሆነ ማካካሻ አያስፈልጋችሁም፤ ጠፍቶ ይቆይ። ያለ ምክንያት የበራ ማካካሻ ጀርባውን በከንቱ ያቃጥለዋል።

## ደረጃ 7፦ ቢኤልሲን ፈትሹ

ቦታውን ምረጡ። ካሜራው መሃል፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ የሚሉ ምርጫዎች ይሰጣል። በእጅ ሳጥን መሳል የሚፈቅድ ከሆነ እሱን ተጠቀሙ።

ሳጥኑን የት ትስሉታላችሁ? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኛው ሰው በሩ ላይ ይስለዋል፤ ሰው የሚገባው በዚያ ነውና። ስህተት ነው። ሳጥኑ ውስጥ የገባው ብሩህ መስታወት ልኬቱን ይቆጣጠረዋል። ካሜራው «እዚህማ ብርሃን ሞልቷል» ብሎ ምስሉን የባሰ ያጨልመዋል። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ቀረጻ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሳጥኑ በሩን ታቅፎ ነበር።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ረዳቱን ለ ላይ አቁሙት።
2. ሳጥኑን ከራሱ በትንሹ ከፍ ብሎ እስከ ደረቱ ድረስ ሳሉት።
3. አጠር ያለው ረዳት ሲቆምም ፊቱ ሳጥኑ ውስጥ መግባቱን እዩ።
4. ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው መስታወት በተቻለ መጠን ያነሰ ይሁን። ግማሹ ነጭ ከሆነ ሳጥኑን ወደ ሐ አቅጣጫ ግፉት።

በስክሪኑ ላይ ሳጥኑን ስታንቀሳቅሱ ለውጡን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ጠርዙ ከመስታወቱ ላይ ሲወርድ የረዳቱ ግንባር መጀመሪያ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ቅንድቡ ይለያል። ከዚያ ዓይኑ። የጣት ስፋት የማይሞላ መንሸራተት ይህን ሁሉ ያመጣል።

መጠኑን ፈትሹ። ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ከሆነ 25፣ 50 እና 75 ላይ አንድ አንድ ዙር አድርጉ። ከዚያ ጥሩ በሆኑት ሁለቱ መካከል አንድ ጊዜ ሞክሩ። ይበቃል። ቁጥሩ ከካሜራ ካሜራ ስለማይገናኝ የሌላውን 50 ወስዳችሁ እዚህ አትትከሉ። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለው ካሜራ ከሆነ ሥራችሁ ሳጥኑ ላይ ነው።

በየዙሩ ሁለት ነገር ጻፉ። የፊቱን ነጥብና ከጀርባ የጠፋውን። ውጭ የቆመ መኪና ወይም ከበሩ ውጭ የቀረ ሁለተኛ ሰው ማየት ግዴታችሁ ከሆነ፣ ነጭ ሆኖ የጠፋው ጀርባ ዋጋ አለው። ካልሆነ ይጥፋ። ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ካሜራው አያውቅም።

ካልሠራስ?

- *ፊቱ ደመቀ፣ ግን እንደ አሸዋ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ።* ካሜራው ጌይን፣ ማለትም ደካማውን ብርሃን በኤሌክትሮኒክስ የሚያጎላበትን መጠን፣ ጨምሯል። የጌይኑን ጣሪያ ቀንሱ ወይም የቢኤልሲውን መጠን ዝቅ አድርጉ። አሁንም መብራት መጨመሩ የተሻለ ነው።
- *ነጭ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ምስሉ ይጨልማል፣ ጥቁር የለበሰ ሲያልፍ ይፈነዳል።* ሳጥኑ ጠባብ ነው። አስፉት። ነጭ ሸሚዙንና ጥቁር ጃኬቱን ያመጣነው ለዚህ ነው፤ ሁለቱንም አልብሱና ድገሙት።
- *ምንም አይለወጥም።* ደብሊውዲአር በርቶ ይሆናል፣ ወይም ሹተሩ በእጅ ተቆልፏል። ሁለቱንም እዩ። አንዳንዱ ካሜራ «ሴቭ» ካላላችሁት ለውጡን አይወስድም።

## ደረጃ 8፦ ደብሊውዲአርን ፈትሹ

ቢኤልሲን አጥፉ። ደብሊውዲአርን በ30 ጀምሩ፣ ቀጥሎ 50፣ ቀጥሎ 70። ሲበራ ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ሊቋረጥ ይችላል። ጠብቁ።

ፊቱም ጀርባውም አብረው ከታዩና እንቅስቃሴው ካልተበላሸ፣ እውነተኛ ደብሊውዲአር ያለው ካሜራ ላይ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በተለይ ምልክት ሀ ላይ ቢኤልሲ 0 ሲሰጣችሁ ይህ 1 ወይም 2 ሊሰጥ ይችላል። ግን በነጻ አይመጣም። መጠኑን ባበዛችሁት ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ፣ እንደ ታጠበ ጨርቅ ቀለሙ እየለቀቀ ይሄዳል። ፊት ላይ ያለው ጥላ ሁሉ ሲነሳ ፊቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። የአፍንጫና የጉንጭ ቅርጽ የሚለየው በጥላ ነውና፣ ሁለት ነጥብ የሚያስገኘው ዝቅተኛው ቁጥር ላይ ቁሙ።

ካልሠራስ?

- *የሚሄድ ሰው ዙሪያውን ጥላ ወይም ሁለተኛ ጠርዝ ያበጃል።* በተለያየ ቅጽበት የተነሱት ፍሬሞች አልገጠሙም። መጠኑን ቀንሱ። ካልለቀቀ ወደ ቢኤልሲ ተመለሱ።
- *ምስሉ ላይ የሚንከባለሉ መስመሮች መጡ።* አጭሩ ፍሬም የመብራቱን ብልጭታ እየያዘ ነው። ፀረ ብልጭታውን ደግማችሁ እዩ። የውስጡን አምፖል ብልጭታ በሌለው ኤልኢዲ መቀየርም ይፈታዋል።
- *በሰከንድ ያለው ፍሬም ወረደ።* አንዳንዱ ካሜራ ደብሊውዲአር ሲበራ ከ50 ወደ 25 ወይም ከ60 ወደ 30 ይወርዳል። ለመግቢያ 25 ይበቃል።

## ደረጃ 9፦ አሁን ይንቀሳቀሱ

እስካሁን የቆመ ሰው ነው ያያችሁት። ሌባም ሆነ እንግዳ ግን ፕላስተር ላይ ቆሞ 10 ሰከንድ አይጠብቅም። ምርጥ ሁለቱን ሴቲንጎች ያዙና፦

1. ረዳቱ ከውጭ በመደበኛ እርምጃ ይግባ። ከበር እስከ ሐ አልፎ ይሂድ።
2. ያንኑ በፈጣን እርምጃ ይድገም።
3. ኮፍያ አድርጎ፣ አቀርቅሮ ይግባ።
4. ሁለቱ ተከታትለው ይግቡ፤ ፊተኛው ነጭ፣ ኋለኛው ጥቁር ለብሶ።
5. በሩ ጨለማ ወይም ድፍን ከሆነ፣ ተዘግቶ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ከዚያ በድንገት ይከፈትና ሰው ይግባ።

አምስተኛው ላይ ሰከንድ ቁጠሩ። በሩ ሲከፈት ምስሉ በነጭ ይጥለቀለቃል፣ ከዚያ ይረጋጋል። እስኪረጋጋ 3 ሰከንድ ከፈጀና ሰውየው በ2 ሰከንድ ካለፈ ፊቱ አልተያዘም። «ኤክስፖዠር ስፒድ» ወይም ተመሳሳይ ምርጫ ካለ አፍጥኑት። ከሌለ የሳጥኑን ቦታ ወደ ሐ አርቁት፤ ሰውየው እዚያ እስኪደርስ ካሜራው ይነቃል።

## ደረጃ 10፦ ከተቀዳው ላይ ፍረዱ

ቀጥታ የሚታየውን ምስል አትመኑ። በስልክ አፕ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ የተጨመቀው ትንሹ ስትሪም ነው። ቀረጻውን ከሪከርደሩ ላይ በዋናው ስትሪም አውጡና ላፕቶፕ ላይ ክፈቱ። የስክሪኑ ብሩህነት መካከለኛ ይሁን፤ መስኮት ከጀርባችሁ አይኑር።

1. በእያንዳንዱ መግባት ላይ ፊቱ ከሁሉ የተሻለ የታየበትን ፍሬም አቁሙ።
2. የፊቱን ስፋት በፒክስል ቁጠሩ። አይኢሲ 62676-4 የተባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2014 እትሙ አንድን ሰው ለመለየት በሜትር 250 ፒክስል ይጠይቅ ነበር። ያ ለ16 ሴንቲ ሜትር ፊት 40 ፒክስል ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ችግሩ ብርሃን አይደለም። ሌንሱ ሰፊ ነው ወይም ካሜራው ሩቅ ነው።
3. ያቆማችሁትን ፍሬም በሥፍራው ላልነበረ ሰው አሳዩት። ረዳቶቹን የሚያውቅ ይሁን። «ማን ነው?» ብቻ በሉት። ሌላ ምንም አትናገሩ።

ሦስተኛውን እለምናችኋለሁ፣ አትተዉት። እናንተ ማን እንደገባ ስለምታውቁ ዓይናችሁ ጨለማውን ይሞላዋል። እኔ 2 የሰጠሁትን ፍሬም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ትክ ብሎ አይቶ የሌላ ሰው ስም ጠርቷል። በዚያ ቀን ሳጥኑን እንደገና ሳልኩት።

ካልሠራስ? ቀጥታ ሲታይ ጥሩ የነበረው ቀረጻው ላይ ከተጨፈለቀ ቢትሬቱ፣ ማለትም በሰከንድ የሚቀዳው የመረጃ መጠን፣ አልበቃም። ኖይዝ የበዛበት ምስል ብዙ ቢት ይበላል፤ ለፊቱ የሚተርፈው ያንሳል። መጀመሪያ ጌይኑን ቀንሱ፣ ካልበቃ ቢትሬቱን ጨምሩ። የሪከርደሩ ዲስክ ስንት ቀን እንደሚይዝም በዚያው እዩ፤ ያጥራል።

## ደረጃ 11፦ በሌላው ሰዓት ተመለሱ

በክፉው ሰዓት ያሸነፈው ሴቲንግ በቀረው ሰዓት መጉዳት የለበትም። ጀርባው ለስለስ ባለበት ሰዓት አንዴ፣ ከጨለመ በኋላ አንዴ ተመለሱና የደረጃ 9ን የመጀመሪያ ሁለት ጉዞዎች ድገሙ።

ማታ ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሜራው የራሱን ኢንፍራሬድ ሲያበራ ብርሃኑ የሚመጣው ከፊት ነው። የጀርባ ብርሃን የለም። ቢኤልሲ ግን በርቶ ካደረ ቀረብ ያለ ፊት ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ካሜራው ለቀንና ለማታ የተለያየ ፕሮፋይል የሚፈቅድ ከሆነ የማታውን ለብቻው አዘጋጁና ማካካሻውን አጥፉት። የመኪና መግቢያ ከሆነ ኤችኤልሲን በማታው ፕሮፋይል ብቻ ሞክሩ።

## ደረጃ 12፦ ዝጉ

1. ቀንና ማታ መቀያየሪያውን ወደ «አውቶ» መልሱ። ደብተሩ ላይ በትልቁ የጻፋችሁት ይህ ነው።
2. አዲሱን ሴቲንግ ወደ ፋይል አውጡ፤ በካሜራው ስምና በቀኑ ሰይሙት።
3. ያሸነፈውን ፍሬም ለማነጻጸሪያ አስቀምጡ፤ ይህንንም ለረዳቱ ንገሩት። የቀሩትን የሙከራ ቀረጻዎች አጥፉ።
4. ካሜራውን አጥፍታችሁ አብሩት። ሴቲንጉ እንዳለ መመለሱን እዩ።
5. ፕላስተሩን ከወለሉ አንሱ፤ በምትኩ የሀን፣ የለንና የሐን ርቀት ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ፈተናውን መድገም የሚያስፈልገው የካሜራው ሶፍትዌር ሲታደስ፣ የመስታወቱ ፊልም ወይም መጋረጃው ሲቀየር፣ የመግቢያው መብራት ሲለወጥና ወቅት ሲቀየር ነው። ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት ቦታ በዓመቱ ውስጥ ስለሚሄድ፣ ዛሬ ከበሩ ጥግ የምትገባው ጨረር ከ3 ወር በኋላ መሃሉን ልትመታው ትችላለች። ያኔ ያስቀመጣችሁትን ፍሬም አጠገቡ ከፍታችሁ፣ ረዳቱን ለ ላይ አቁማችሁ 10 ሰከንድ ቅረጹ።